በንጉሥ ማዕድ የተቀመጠው ሰው፤ ስለ አካል ጉዳተኞች ሕይወት ክብር የቀረበ ጥናት

ከጥናቱ አስቀድሞ የሚነበብ፤ 2ኛ ሳሙኤል 4፥4፤ 9፥1-13፤ 16፥1-4፤ 19፥24-30።

በዚህ ጥናት የምንመለከተው ሰው ብዙ ጊዜ የማይሰበክለት ሰው ነው። ጦር አልመራም፤ መዝሙር አልደረሰም፤ ትንቢትም አልተናገረም። መጽሐፍ ስለ እርሱ አስቀድሞ የሚነግረን ሁለት እግሮቹ ሽባ መሆናቸውን ነው። ስሙ ሜምፊቦስቴ ይባላል፤ የዮናታን ልጅ፣ የንጉሥ ሳኦልም የልጅ ልጅ ነው። በእርሱ ታሪክ እየተመራን አንድ ጥያቄ እንመረምራለን፤ ይኸውም፣ የሰው ሕይወት ዋጋው ከወዴት ነው? የሚል ነው።

ይህ ጥያቄ በጉባኤ መካከል የሚነሣ የሊቃውንት ክርክር ብቻ አይደለም። በየቤታችን ጓዳ የሚኖር ጥያቄ ነው። በ1999 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በተደረገው የሕዝብና የቤት ቆጠራ አካል ጉዳተኛ ተብሎ የተመዘገበው ከመቶ አንድ ያህል ሰው ብቻ ነበረ። የዓለም ጤና ድርጅት ግን እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መግለጫ ከዓለም ሕዝብ ከመቶ 16 ያህሉ፣ ማለትም 1.3 ቢሊዮን ሰው፣ ከባድ የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ያለበት መሆኑን አስታውቋል። ልዩነቱ በከፊል ከአጠያየቁና ከአቆጣጠሩ የመጣ ነው። ነገር ግን ሁላችን የምናውቀው ሌላ ምክንያት አለ። ቆጣሪው በደጅ ቆሞ “በዚህ ቤት ስንት ሰው አለ?” ብሎ ሲጠይቅ፣ ከጓዳ ያለው ልጅ ሳይጠራ የሚቀርበት ቤት አለ። ያልተቈጠረ ሰው አልሞተም፤ ከቍጥር ግን ወጥቷል። እንግዲህ ጥናታችን ስለዚህ ሰው ነው።

1. ሎዶባርና ዋልዳ

ሜምፊቦስቴ ሽባ ሆኖ አልተወለደም። አምስት ዓመት በሆነው ጊዜ አያቱና አባቱ በጦርነት እንደ ሞቱ ወሬ መጣ። ሞግዚቱም ሕፃኑን አንሥታ ሸሸች፤ ስትቸኩልም ወደቀ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እግሮቹ ሰለሉ። ጉዳቱ የመጣው ከጦርነትና ከሽሽት ነው። ሞግዚቲቱንም ማንም ሊወቅሳት አይችልም፤ የወደቀው ልታድነው ስትሮጥ ነውና። ከዚያም በኋላ የምናገኘው ከዮርዳኖስ ማዶ፣ ሎዶባር በምትባል ስፍራ፣ በሰው ቤት ተጠግቶ ሲኖር ነው። ብዙ ተርጓሚዎች የስፍራይቱን ስም “መሰማሪያ የሌለባት” ብለው ይፈቱታል። በቤተ መንግሥት የተወለደው ልጅ በጠረፍ፣ ስሙ ተረስቶ አደገ።

የእኛም ዘመን ሎዶባር አላት። በሞያሌ በኩል፣ በኬንያ ምድር፣ ዋልዳ የምትባል ደረቅ ስፍራ አለች። በግንቦት 1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት በወደቀ ጊዜ ብዙ ወታደሮች ከነቤተሰባቸው፣ ሹማምንትና ተማሪዎችም ጭምር፣ በሞያሌ በኩል ድንበሩን ተሻገሩ፤ በዋልዳም የስደተኞች ሰፈር ተተከለላቸው። ብርድና ዝናም ከለመደው ደጋ የተወለደ ሰው በቦረና ቆላ በድንኳን ተቀመጠ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ሰፈሩ ተዘጋ፤ ከስደተኞቹም ብዙዎቹ በቱርካና ምድር ወዳለው ወደ ካኩማ ተዛወሩ። ዋልዳ ዛሬ የስደተኞች ሰፈር አይደለችም፤ የምታስተምረው ነገር ግን አልተዘጋም።

ከጦርነት የሚሸሽ ሕዝብ ቍስለኛውን ትቶ ወይም ተሸክሞ ይሸሻል፤ ሦስተኛ መንገድ የለውም። በምድረ በዳ ሰፈር እግር የሌለው ሰው ኑሮ ምን እንደሚመስል እናስብ። ውኃው ከሩቅ ይቀዳል፤ እንጨቱ ከሩቅ ይለቀማል፤ እህሉ በሰልፍ ይታደላል። ዓይነ ስውሩ ሰልፉ ወዴት እንደ ዞረ አያይም፤ መስማት የተሳነው ስሙ ሲጠራ አይሰማም፤ በክራንች የቆመው በግፊያ መካከል ይወድቃል። ነገር ግን በዚያው ሰፈር ውስጥ አንድ ነገር ልብ እንድንል ይገባል። የስደተኛ ራሽን ይሰፈር የነበረው በነፍስ ወከፍ ነው። ካርዱ ይጠይቅ የነበረው በቤቱ ስንት ነፍስ እንዳለ ነው፤ ስንት እግር ወይም ስንት ዓይን እንዳለ አይጠይቅም ነበር። ሯጩና ሽባው እኩል ይሰፈርላቸው ነበር። የሰው ልጅ ሁሉን ባጣበት በዚያ ስፍራ ዋጋው በነፍሱ መቈጠሩ ግልጥ ሆኖ ይታያል። እህልና ርስት በሞላበት አገር ይህን መርሳት ይቀላል።

ደግሞም የማኪርን ስም እንዳናልፍ ያስፈልጋል። የዓሚኤል ልጅ ማኪር በሎዶባር ሜምፊቦስቴን በቤቱ ያኖረ ሰው ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ ንጉሥ ዳዊት ራሱ ከልጁ ከአቤሴሎም ፊት ሸሽቶ ዮርዳኖስን በተሻገረ ጊዜ፣ ምኝታና ዕቃ፣ ስንዴና ማር ይዘው ከተቀበሉት ሰዎች አንዱ ይኸው ማኪር ነበረ (2ኛ ሳሙኤል 17፥27-29)። ሽባውን ስደተኛ ያስጠጋ እጅ ስደተኛውንም ንጉሥ አስጠጋ። በጠረፍ የሚኖሩ ሕዝቦች ከጥቂት ሀብታቸው ስንት እንግዳ እንደ ተቀበሉ የደጋው ምእመን ሊያስታውስ ይገባዋል።

2. “ማን ኃጢአት ሠራ?”

ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ባዩ ጊዜ ደቀ መዛሙርት ጌታን የጠየቁት ጥያቄ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ተጽፏል። ኃጢአቱ የሰውዬው ነው ወይስ የወላጆቹ? አሉ። ጌታም ሰውዬውንም ወላጆቹንም ከዚህ ክስ ነጻ አወጣቸው። ሆኖም ክሱ በአገራችን ገና አልሞተም። ልጅ በጉዳት ሲወለድ እርግማን ነው ይባላል፤ ቡዳ ነው ይባላል፤ ከሁሉም ይልቅ እናቲቱ ትከሰሳለች። ልጁ ወደ ጓዳ የሚገባው በመጀመሪያ ከዚህ ክስ ለመሸሽ ነው።

እግዚአብሔር ለሰው የሰጠው የምርምር ጥበብ ስለዚህ ነገር ብዙ ገልጦልናል። ትራኮማን እንመልከት። ኢትዮጵያ ይህ የዓይን ደዌ እጅግ ከጸናባቸው የዓለም አገሮች አንዷ ስትሆን፣ በውስጧም የአማራ ክልል ከሁሉ ይልቅ ተጐድቷል። ደዌው የሚመጣው ከተዋሲ ነው፤ በዝንብ፣ በእጅና በጨርቅ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። ደጋግሞ የያዘው ሰው የዓይኑ ቆብ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ሽፋሽፍቱም ዓይኑን እየፋቀ ቀስ በቀስ ያሳውረዋል። ሕፃናትን የሚንከባከቡ እናቶች ከወንዶች ይልቅ የሚታወሩበት ምክንያትም ከዚህ ይታወቃል። ፊትን በንጹሕ ውኃ መታጠብ፣ መድኃኒትና የዓይን ቆብ ቀዶ ሕክምና ይህን ዕውርነት ይከላከላሉ። እንግዲህ የውኃ እጥረትን እርግማን ብለን የምንጠራው እስከ መቼ ነው?

የሥጋ ደዌም እንዲሁ ነው። ስንት ዘመን ሙሉ ሕመምተኞች ከሰፈር ተለይተው፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ተቀምጠው ኖሩ! እ.ኤ.አ. በ1873 በኖርዌይ አገር በበርገን ከተማ አርማወር ሐንሰን የተባለ ሐኪም የደዌውን ተዋሲ አገኘ፤ ከዘር ይወረሳል የሚለውም እምነት በዚህ ፈረሰ። በአዲስ አበባ ያለው የምርምር ተቋም በዚህ ሐኪም ስም ይጠራል፤ በአጠገቡም እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው አለርት ሆስፒታል አለ። ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ጥቂት መድኃኒቶችን በአንድነት በመውሰድ የሥጋ ደዌ ፈጽሞ ይድናል። ፖሊዮም እግርን የሚያሰልል ቫይረስ ነው፤ በክትባትም ይከለከላል። ስለዚህ ልጆችን ማስከተብና ደዌን በጊዜ ማሳየት ለባልንጀራ የሚደረግ የፍቅር ሥራ ነው።

በዚህ ስፍራ ሁለት ነገር በጥንቃቄ ልንይዝ ይገባናል። አንደኛው፣ ደዌው ሊከለከል የሚገባው ነው ስንል፣ ደዌው የያዘው ሰው ባልተወለደ ይሻል ነበር ማለታችን እንዳይሆን ነው። ደዌን እንጠላለን፤ ሰውን እንወዳለን። ሁለተኛው ስለ ፈውስ ጸሎት ነው። ጌታ ዕውራንን አብርቷል፤ ሽባዎችንም አስነሥቷል፤ እኛም ስለ ሕመምተኞች ልንጸልይ ታዝዘናል። ነገር ግን ተጸልዮለት ያልተፈወሰውን ሰው “እምነት ጐድሎሃል” ብሎ የሚከስ ሰው በቀድሞው ቍስል ላይ ሌላ ቍስል ይጨምራል። ሐዋርያው ጳውሎስ የሥጋውን መውጊያ ሦስት ጊዜ ለምኖ አልተወሰደለትም፤ እምነትም አልጐደለውም። የሜምፊቦስቴም ታሪክ በዘጠነኛው ምዕራፍ መጨረሻ እንዴት እንደሚዘጋ ልብ በሉ። ሁልጊዜ ከንጉሥ ማዕድ ይበላ እንደ ነበረ ይነግረንና፣ ሁለት እግሮቹ ሽባ መሆናቸውን ደግሞ ይነግረናል። ወደ ማዕዱ የቀረበው ሳይፈወስ ነው። በማዕዱ የተቀመጠውም እንደ ሽባነቱ ነው።

3. ሰው በሥራው ይመዘናልን?

በአገራችን “ዕውር ቢሸፍት ከጓሮ አያልፍም” ይባላል። ይህ ተረት ሰውን የሚለካው በጕልበቱ ነው። እውነት መሆኑን ታሪክ ይመስክር። በአራተኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ ዲዲሞስ የሚባል ሰው ነበረ። በአራት ዓመቱ ገደማ ዓይኑ ጠፋ፤ በእንጨት ላይ የተቀረጹ ፊደላትን በጣቱ እየዳሰሰ ማንበብን ተማረ። ታላቁ አትናቴዎስም በእስክንድርያ የትምህርት ቤት ላይ ሾመው። ይህ አትናቴዎስ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ጳጳስ አድርጎ ወደ ኢትዮጵያ የላከው ነው። ወንጌልን ወደ አክሱም የላከችው ቤተ ክርስቲያን በዚያው ዘመን መምህሯን ከዓይነ ስውራን መካከል መርጣ ነበር። ተረቱ ከጓሮ አያልፍም ያለው ሰው ትምህርቱ ባሕር ተሻገረ።

ከራሳችን አገር ደግሞ አበበ ቢቂላን እናንሣ። እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም በባዶ እግሩ፣ በ1964 በቶክዮ ደግሞ ጫማ ተጫምቶ ማራቶንን ያሸነፈ ሰው በ1969 በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። ዓለም ሁሉ የወደደው ስለ እግሮቹ ነበር፤ እግሮቹ ግን ቆሙ። እርሱ በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ሲታከም ቀስት መወርወርን ተማረ፤ በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ ተወዳደረ፤ በ1971ም በኖርዌይ በረዶ ላይ በተንሸራታች በተደረገ ውድድር አሸነፈ። በ1973 እ.ኤ.አ. ሞተ። በመጨረሻዎቹ አራት ዓመታት አበበ ቢቂላ ያነሰ ሰው ነበርን? እንዲህ የሚል አንድ ኢትዮጵያዊ አይገኝም።

ሆኖም ነገሩን በዚህ ብቻ ብንተወው ትምህርታችን ጐዶሎ ይሆናል። ዲዲሞስ ሊቅ ሆነ፤ አበበም ድል አደረገ። መማር የማይችለው፣ ስሙ ሲጠራ የማይመልሰው፣ ዕድሜውን ሙሉ በእናቱ እጅ የሚጐርሰው ልጅስ? ዋጋ ያለው የሚጠቅም ሰው ብቻ ከሆነ ይህን ልጅ ምን ልንለው ነው? ሰውን በጥቅሙ መመዘን የጀመረ ሕዝብ ወዴት እንደሚደርስ በአባቶቻችን ዘመን ታይቷል፤ ደግሞም የሆነው ብዙ አብያተ ክርስቲያናት፣ ብዙ ትምህርት ቤቶችም ባሉበት በጀርመን አገር ነው።

ሂትለር እ.ኤ.አ. መስከረም 1 ቀን 1939 የሚል ቀን በተጻፈበት ወረቀት፣ የማይድኑ ናቸው የሚባሉ ሕመምተኞችን የመግደል ሥልጣን ለተመረጡ ሐኪሞች ሰጠ። ወደ ሆስፒታሎችና ወደ መጠለያዎች ፎርም ተላከ፤ በፎርሙም ሕመምተኛው ሥራ መሥራት ይችል እንደ ሆነ ይጠየቅ ነበር። እስከ ነሐሴ 1941 ድረስ ከ70,000 የሚበልጡ ሰዎች በጋዝ ተገደሉ፤ ከዚያም በኋላ እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ በረኃብና በመርፌ መግደሉ ቀጠለ። በዚያ ጊዜ ዝም ያላሉም ነበሩ። የቩርተምበርግ የሉተራን ጳጳስ ቴዎፊል ቩርም በሐምሌ 1940 ለመንግሥት የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፈ። ፓስተር ፓውል ጌርሐርድ ብራውነ የግድያውን ማስረጃ ሰብስቦ አቀረበ፤ ስለዚህም ታሰረ። በቤተል፣ ሚጥል የሚጥላቸውንና ሌሎች ሕመምተኞችን በሚያኖረው የወንጌላውያን ተቋም፣ ፓስተር ፍሪትዝ ፎን ቦደልሽቪንግ ፎርሙን አንሞላም አለ። የካቶሊክ ጳጳስ ፎን ጋለንም ነሐሴ 3 ቀን 1941 በሙንስተር በግልጥ ሰበከ። ነገር ግን ከክርስቲያን መጠለያዎች ጭምር ብዙ ሕመምተኞች እየተጫኑ ተወሰዱ፤ አልተመለሱምም።

ይህን የምናነሣው በሌላ ሕዝብ ለመፍረድ አይደለም። ግድያው የተጀመረው በጋዝ እንዳልሆነ እንድናውቅ ነው። የተጀመረው፣ “ይህ ሰው ምን ይጠቅማል?” በሚል ጥያቄ ነው። ይህ ጥያቄ በአማርኛም ይጠየቃል። ትምህርት ቤት የሚከፈልለት ልጅ ሲመረጥ ይጠየቃል፤ የታመመ ልጅ ወደ ሐኪም ይወሰድ ወይስ ይቅር ሲባል ይጠየቃል። የክርስቲያን መልስ ከዘፍጥረት የመጀመሪያ ምዕራፍ ይነሣል፤ ሰው በእግዚአብሔር መልክ ተፈጥሯል። በመስቀሉም ይጸናል፤ ክርስቶስ ደሙን ያፈሰሰው ለሚጠቅሙት ብቻ አይደለም። የሕፃናትን ጥምቀት የምትቀበል ቤተ ክርስቲያን ይህን ከማንም ይልቅ ልታውቅ ይገባታል። ወደ ጥምቀት ውኃ የምናመጣው ሕፃን ገና ምንም አልሠራም፤ እግዚአብሔር ግን በስሙ ይጠራዋል።

4. ምጽዋትና ማዕድ

ዳዊት ያደረገውን በተራ እንመልከት። አስቀድሞ ከሳኦል ቤት የቀረ ሰው እንዳለ ጠየቀ፤ ማለትም ፈለገው። ሽባው ወደ ንጉሡ እስኪመጣ አልጠበቀም። ሁለተኛ፣ በስሙ ጠራው። አገልጋዩ ሲባ ስለ እግሮቹ ተናግሮ ስሙን ሳይናገር ነበር፤ ንጉሡ ግን “ሜምፊቦስቴ” አለው። ሦስተኛ፣ የአያቱን ርስት መለሰለት። ይህ የራሱ ነበረና ምጽዋት አልተባለም። አራተኛ፣ እንደ ንጉሥ ልጆች በማዕዱ አስቀመጠው።

ዳዊት እህል በአህያ ጭኖ ወደ ሎዶባር ሊልክ ይችል ነበር፤ ይህም መልካም ሥራ ይባልለት ነበር። ነገር ግን ሜምፊቦስቴ በሎዶባር ይቀር ነበር። በምጽዋትና በማዕድ መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው። ምጽዋት የሚሰጥ ሰው ሰጥቶ ያልፋል፤ በማዕድ የሚቀመጥ ሰው ፊት ለፊት ይተያያል። ከዚህም በላይ ኢየሩሳሌም በተያዘች ጊዜ ዕውርና አንካሳ ወደ ቤት አይግቡ የሚል አባባል ወጥቶ እንደ ነበር በዚያው መጽሐፍ 5፥8 እናነባለን። ከአራት ምዕራፍ በኋላ ግን አንካሳው በንጉሡ ቤት ተቀምጧል። ጌታችንም በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ግብዣ ስታደርግ ድኾችንና ጉንድሾችን፣ አንካሶችንና ዕውሮችን ጥራ ብሎ ማስተማሩ ከዚህ ጋር ይስማማል።

በአገራችን ያለችው የወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ይህን መንገድ ጀምራለች። እ.ኤ.አ. በ1972፣ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ በነበረበት ጊዜ፣ ወንጌልን መስበክና የሰውን ኑሮ ማልማት የማይነጣጠሉ መሆናቸውን ለሉተራን የዓለም ፌዴሬሽን በጽሑፍ አስታወቀች፤ ሰው ሥጋና ነፍስ ሆኖ አንድ ነውና። በባኮ ለዓይነ ስውራን፣ በሆሳዕናም መስማት ለተሳናቸው ልጆች የተከፈቱት ትምህርት ቤቶች የዚህ እምነት ፍሬዎች ናቸው። መስማት የተሳነው ልጅ በምልክት ቋንቋ ወንጌልን ሲያነብ፣ ዓይነ ስውሯም ብሬይልን በጣቷ ስትዳስስ፣ ማዕዱ እየሰፋ ነው።

ሕግም በበኩሉ ተናግሯል። በኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን የሥራ መብት የሚጠብቀው አዋጅ ቍጥር 568/2000 ወጥቷል፤ የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትም በ2002 ዓ.ም. ጸድቋል። በሞያሌ ማዶ ያለችው ኬንያም እ.ኤ.አ. በ2010 ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 ስለ ክብራቸው ደንግጋለች። እነዚህ መልካም ናቸው። ነገር ግን ሕግ የጸሎት ቤታችንን ደረጃ አይደለድልልንም። በሰባት የድንጋይ እርከን ላይ የተሠራ የጸሎት ቤት፣ በሩ ክፍት ሆኖ ሳለ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው ዝግ ነው። ስብከቱን በምልክት ቋንቋ የሚተረጕም ሰው በሌለበት ጉባኤ መስማት የተሳነው ወንድም በመካከላችን ተቀምጦ ብቻውን ነው።

5. ሲባና የሜምፊቦስቴ ድምፅ

የታሪኩ መጨረሻ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለው። ዳዊት ከአቤሴሎም ሲሸሽ ሲባ አህዮችና ስንቅ ይዞ ተቀበለው። ጌታህ የት አለ? ብሎ ቢጠይቀው፣ መንግሥቱን እመለሳለሁ ብሎ በኢየሩሳሌም ቀረ አለው። ንጉሡም ሜምፊቦስቴን ሳይሰማ ርስቱን ሁሉ ለሲባ ሰጠው። በኋላ ሜምፊቦስቴ ጢሙን ሳይከረከም፣ ልብሱን ሳያጥብ ሊቀበለው ወረደ፤ አህያ ጭኜ ከንጉሡ ጋር እሄዳለሁ ብዬ ነበር፣ አገልጋዬ ግን አታለለኝ፣ እኔ ሽባ ነኝና አለ። አህያው እግሩ ነበረ፤ እርሱን የወሰደ ሰው ድምፁንም ወሰደ።

ሲባ ዛሬም አለ። በአካል ጉዳተኛ ስም ለምኖ ራሱን የሚያበላ ሁሉ ሲባ ነው። ዓይነ ስውሩን ትቶ መሪውን “ምን ይፈልጋል?” ብሎ የሚጠይቅም ሰው ለሲባ መንገድ ይከፍታል። ታላቁ ንጉሥ ዳዊት እንኳ በማዕዱ ያስቀመጠውን ሰው ሳይሰማ ፈረደ። ማዕድ ማካፈል ያለ ጆሮ ምሉእ አይደለም። በዓለም ያሉ አካል ጉዳተኞች “ስለ እኛ፣ ያለ እኛ አይሁን” የሚሉት ስለዚህ ነው።

የሚሰማ ጆሮ ካገኘ ድምፃቸው ምን ያህል እንደሚደርስ ከወሎ የወጣች አንዲት ሴት ታሳየናለች። የትነበርሽ ንጉሤ በሳይንት ተወልዳ በአምስት ዓመቷ የዓይኗን ብርሃን አጣች። በሻሸመኔ የካቶሊክ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተምራ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጠናች፤ ስለ አካል ጉዳተኞች መብትም በአገርና በዓለም መድረክ ተሟገተች። እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለች። እርሷ ራሷ እንደምትመሰክረው፣ ዓይነ ስውርነቷ በልጅነት ከመዳር አድኖ የትምህርትን በር ከፍቶላታል። ጎረቤት ሁሉ እርግማን የሚለውን እርሷ ዕድል ብላ ጠራችው። ይህን ልንማር የቻልነው ራሷ ስለ ተናገረች ነው፤ ሌላ ሰው በስፍራዋ ቢናገር ኖሮ የምንሰማው የእርግማኑን ወሬ ብቻ ነበር።

ሜምፊቦስቴም በተሰማ ጊዜ የተናገረው ቃል የታሪኩ ሁሉ አክሊል ነው። ንጉሡ ርስቱን ከሲባ ጋር ይካፈል ብሎ ቢፈርድ፣ ንጉሡ በደኅና ተመልሶአልና ሲባ ሁሉንም ይውሰደው አለ። ዕድሜውን ሙሉ ተቀባይ የተባለው ሰው በዚያ ቀን ሰጪ ሆነ። በእስራኤል ንጉሡን ከርስት አብልጦ የወደደ ሰው ቢፈለግ ይህ ሽባ ተገኘ። ሐዋርያው ደካማ የሚመስሉት ብልቶች ይልቁን የሚያስፈልጉ እንደ ሆኑ ሲጽፍ (1ኛ ቆሮንቶስ 12፥22) እንዲህ ያለውን ነገር ያስተምረናል። አካል ጉዳተኛው ከማዕዱ ሲጐድል የሚጐዳው እርሱ ብቻ አይደለም፤ ማዕዱም ይጐድላል።

እንግዲህ፣ የተወደዳችሁ ሆይ፣ የሰው ዋጋ የሚመነጨው ከፈጠረው፣ ከተቤዠውና በስሙ ከጠራው ነው። ሎዶባር ሩቅ አይደለችም፤ ዋልዳም ከሞያሌ ማዶ ብቻ አይደለችም። ከምንተኛበት ክፍል ግድግዳ ወዲያ ልትሆን ትችላለች። ንጉሡ፣ “ቸርነት አደርግለት ዘንድ የቀረ ሰው አለን?” እያለ ዛሬም ይጠይቃል። ቤት ሁሉ በእውነት ይመልስለት፤ ከጓዳ ያለውንም በስሙ ጠርቶ ወደ ማዕዱ ያቅርበው።

ለጉባኤ ጥናት የቀረቡ ጥያቄዎች

1. በሰፈራችን ለጸሎት ወጥተው የማይታዩ አካል ጉዳተኞች እነማን ናቸው? ስማቸውን እናውቃለንን?

2. ዳዊት ካደረጋቸው ከአራቱ ነገሮች በጉባኤያችን የተፈጸመው የትኛው ነው? ያልተፈጸመውስ?

3. ተጸልዮለት ያልተፈወሰ ወንድም በመካከላችን ሳለ ምን ልንለው ይገባል? ምንስ ከማለት እንከልከል?

4. የጸሎት ቤታችንን በር፣ ደረጃና መቀመጫ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ፣ ዓይነ ስውር፣ መስማትም የተሳነው ሰው እንዴት ያገኘዋል? ስለዚህ ነገር ከመነጋገራችን በፊት እነርሱን ራሳቸውን ጠይቀን እንስማ።

5. ለመናገርም ሆነ ለመሥራት የማይችለውን ልጅ የሚያሳድጉ እናትና አባት በየሳምንቱ አንድ ቀን ቢያርፉ፣ በተራ ልጁን የሚጠብቁ ምእመናን ከጉባኤያችን ሊገኙ ይችላሉን?